ሐይቁ ሲረጋ እደውልልሻለሁ

ይድረስ እናትም እኅትም ለሆንሽኝ ለእትዬ ምሥራቅ፣ ደብረ ብርሃን።

እንደምን ከርመሻል እትዬ? ክረምቱስ እንዴት አደረጋችሁ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ ወይስ አሁንም ከሥር ቆመሽ ጎረቤት እየጠራሽ ነው የምታወሪው? ባለቤትሽ ጋሼ ገብረ ክርስቶስ ዓይኑን ከታከመ ወዲህ ጋዜጣ ማንበብ ጀመረ? ከጀመረ አዝንለታለሁ፤ ሳያይ ይሻለው ነበር። ልጅሽ ኪሩ ሥራው ቀናው? አማቴ እማሆይስ እንዴት ናቸው? ጆሯቸው እንደደከመ ነግረሽኝ ነበር፤ ቅዳሴው ይሰማቸዋል ወይ? ሁሉንም አንድ በአንድ ስማቸውን ጠርቼ እንደጠየቅሁ ቁጠሪልኝ። እኔ ደግሞ በበኩሌ እዚህ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ቦታውን ክፍት ትቼልሻለሁ፤ አንቺ ሙዪው። የእኔ እጅ አልታዘዝ ብሎኛል።

በየሳምንቱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤን ምን አመጣው ትዪ ይሆናል። ያመጣው ላውድ ስፒከርሽ ነው። እኔ «ሃሎ» ስል ግቢው በሙሉ «እንዴት ነህ» ይለኛል፤ አንድ ቀን ሽንኩርት ልትሸጥ የመጣች ሴትዮ ሳትቀር ስለ ጤንነቴ ጠይቃኛለች። በእኔም በኩል ቢሆን ቤታችን አንድ መኝታ ቤት ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ጸዮን ከአልጋዋ ሆና የምተነፍሰውን ትሰማለች። ስለዚህ በአሥራ ስምንተኛው ፎቅ በረንዳ ላይ በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ነው የምጽፍልሽ። ወረቀቱን በአንድ እጄ ይዤዋለሁ፤ ነፋሱ ሊወስደው ይፈልጋል። ደብዳቤውን የምታመጣልሽ አዲስአለም ናት፤ እዚሁ ክሬሰንት ታውን ከእኛ ሕንፃ የምትኖር የሸኖ ልጅ። ነገ ትበራለች፣ ለእንቁጣጣሽ እናቷ ጋ ትደርሳለች። ፖስታው ላይ «ከበዓል በኋላ ይከፈት» ብዬ ጽፌያለሁ። አንቺ ደግሞ እንደማትታገሺ አውቃለሁ። እንግዲህ በዓልሽን ካበላሸሁብሽ ጥፋቱ የሁለታችን ነው።

እትዬ፣ የጸዮን ሕመም ጨጓራ አይደለም። ከፋሲካ በፊት ጨጓራ ነው ያልኩሽ ስሙን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጥራት ስላልቻልኩ ነው። ያ በሽታ ነው፤ ሰው ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግለት። የላክሽውን ተልባ ሳታጓድል ጠጥታለች፤ ተልባው የሚችለውን አድርጓል፣ አትቀየሚው። ሐኪሞቹም የሚችሉትን አድርገዋል። በሐምሌ ላይ ዶክተሯ ሁለታችንንም አስቀምጣ «ከእንግዲህ የምንሰጠው መድኃኒት የለም፤ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ ሕመሙን እናስታግሳለን» አለች። እኔ ወደ ጸዮን ዞር ብዬ «ለጊዜው መድኃኒቱን ቀንሰን እንየው ትላለች» አልኳት። በአገራችን እንዲህ ያለውን ለታማሚ አይነግሩም፤ እኔም የምታውቂኝ ነኝ፣ አንድም የአገሬን ልማድ ሳልጥስ ቀርቼ አላውቅም፣ ይህችን ግን አጥብቄ ያዝኳት። ጸዮን እንግዲህ በዚህ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ አንሶላ ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ዶክተሯንም እኔንም በየተራ አየችንና «ይቅናቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም።

ልጅ የለንም። ይህን የምታውቂውን ነገር የምጽፍልሽ ቤቱ ምን ያህል ዝም እንደሚል እንድታውቂው ነው።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ጸዮን ከተኛችበት ቀና ብላ «ዘንድሮ ለሩፋኤል ሐይቅ ውሰደኝ» አለችኝ። እንደ ሰማሁ ያሰብኩት የበሬሳን ወንዝ ነው። በጳጉሜ ንጋት ላይ አንቺና እሷ ነጠላችሁን ጥላችሁ ወንዝ ስትገቡ፣ ከንፈራችሁ እንደ ወይን ጠቁሮ፣ ጥርሳችሁ እየተንገጫገጨ «ሞቅ ይላል፣ ና ግባ!» እያላችሁ ስትዋሹኝ። እኔ ዳር ቆሜ የሁላችሁን ልብስ እጠብቅ ነበር። በኋላም ዕድሜዬን የሰው መኪና ስጠብቅ የኖርኩት ያኔ ተለማምጄው ይመስለኛል። እዚህ ከመጣን ጀምሮ ጸዮን ጳጉሜን ያሳለፈችው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን ጸበል ከቧንቧ ውሃ ጋር ቀላቅላ። «ከጣራ ሥር ሰማይ አይከፈትም» እያለች ታማርር ነበር። ሐይቁን ደግሞ ከዚህ በረንዳ ላይ በየቀኑ እናየዋለን፤ ከቤቶቹ በላይ እንደ ሰማያዊ ጥለት ተዘርግቶ። አንድ ቀንም እግራችንን ነክረንበት አናውቅም። መጀመሪያ ሥራ ነበረን፣ ከዚያ ብርድ ነበር፣ ከዚያ ደግሞ «በሚመጣው ዓመት» ነበር።

እኔ እንደምታውቂው ሰማይን ገና በወጣትነቴ ዘግቼ፣ ቁልፉንም ጥዬ ነው የመጣሁት። ሩፋኤል ይፈውሳል ብዬ አላምንም። ጸዮን ግን ስትለምነኝ «እሺ» አልኳት፤ ሌላ እሺ የምልበት ነገር በእጄ አልቀረም ነበርና።

እዚህ ላይ ሊዮን ላስተዋውቅሽ። ሊዮ ቤታችን እየመጣ ጸዮንን የሚያስታምም ነርስ ነው፤ ፀጉሩ የሸበተ፣ ከሃምሳ ያለፈ ሰው። የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ቦርሳውን አስቀምጦ ወደ በረንዳው ሄደና ሐይቁን ቁልጭ ቁልጭ እያለ ያይ ጀመር። ብጠብቀው ብጠብቀው አልመለስ ሲል «በሽተኛዋ በዚህ በኩል ናት» አልኩት። «ይቅርታ፣ ነፋሱ እየዞረ ነው» አለኝ። ለካ ሰውዬው በትርፍ ጊዜው ሰሌዳ ይዞ ሞገድ ላይ የሚንሸራተት ነው። በዚህ ዕድሜው። በዚህ ሐይቅ። እንዲህ ያሉ ሰዎች በከተማው ጥቂት አይደሉም፤ የጎማ ልብስ ለብሰው፣ ሌላው ሰው ከሐይቁ ዳር በሚሸሽበት ቀን እነሱ ይወርዳሉ። ጸዮን ስትሰማ «ነርስ መሆኑ ይበጃል፤ ራሱን ያክማል» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደደችው።

ስለ ሩፋኤል ስነግረው ሊዮ አልሳቀም። አንድ ገጽ ስልኬ ላይ ከፈተልኝ፤ ለሞገድ ተጫዋቾች የሚጻፍ ትንበያ ነው። ከቪክቶሪያ ፓርክ መንገድ ጫፍ ላለው ዳርቻ፣ ከለላ የሚባል ነገር ለሌለው፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ፣ ሞገዱ ምን ያህል እንደሚያድግ፣ ውሃው ስንት እንደሚሞቅ ለመጪዎቹ ቀናት ይናገራል። እትዬ፣ እኔ በፓርኪንግ ጠባቂ ሣጥን ውስጥ ተቀምጬ ከፍልስፍና እስከ ንብ እርባታ ያላነበብኩት የለም፤ እንደዚህ ገጽ ግን ቃል በቃል የሸመደድኩት የለኝም። ጠዋት ከቁርስ በፊት አነበዋለሁ፣ ከሰዓት አነበዋለሁ። የኮከብ ምልክትም አለው። ኮከቡ በበዛ ቁጥር እነሊዮ ይደሰታሉ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ቀይ ባንዲራ ይሰቅላል። እኔ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮከብ እንዳይወጣ የምመኝ ሰው ሆንኩ።

ሊዮ እንዳስረዳኝ ይህ ሐይቅ ሁለት ጠባይ አለው። ነፋሱ ከምዕራብ ወይም ከሰሜን ሲመጣ በዳርቻው ያለውን ሞቃት ውሃ ወደ መሀል ገፍቶ ይወስደዋል፤ በምትኩ ከሥር በረዶ የመሰለው ይወጣል። ያን ጊዜ ሐይቁ እንደ መስታወት ይረጋል፤ እግርሽን ብትነክሪው ግን አጥንትሽ ይጮኻል። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነሣ ደግሞ ሞቃቱ ውሃ ወደ ዳር ይከማቻል፣ ነገር ግን ከማዶ ጀምሮ እየተንከባለለ የሚመጣ ሞገድ አብሮት አለ። ባጭሩ ሲረጋ ያቀዘቅዛል፣ ሲሞቅ ይማታል። ለጤነኛ ሰው ምርጫ ነው። እንደ ጸዮን አጥንቷ ለቀረ ሰው ግን ሁለቱም አይሆንም። ያ የምሥራቅ ነፋስ ስሙ ያንቺ ነው፤ ጠባዩም ብዙ አይርቅም፤ ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም።

ሊዮ የሚናገርበትን መንገድ ልንገርሽ። ስለ ሐይቁ ስጠይቀው ያመነታል፤ «ሊሆን ይችላል»፣ «ትንበያ ነው»፣ «ነገ እንየው» ይላል። ስለ ጸዮን ስጠይቀው አያመነታም። ይህን ካስተዋልኩ በኋላ ስለ ሐይቁ ብቻ እጠይቀው ጀመር።

ጳጉሜ ሲቃረብ ትንበያው እየከፋ መጣ። ሰኞ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የምሥራቅ ነፋስ፤ ሞገዱ ከሰው ቁመት በላይ፤ ኮከቡ ሙሉ። ማክሰኞም ያው። ጸዮን «ምን ይላል?» ስትለኝ «ትንሽ ነፋስ ቢጤ አለ፣ ይበርዳል» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና «ዘውዴ፣ ዶክተሯን እንደተረጎምክልኝ አትተርጉምልኝ። ያለውን አንብብ» አለችኝ።

እትዬ፣ ያኔ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ስልኩን ከፈትኩና ያለውን አነበብኩላት፤ የነፋሱን ፍጥነት፣ የሞገዱን ቁመት፣ «ለዋናተኛ አደገኛ» የሚለውን፣ ኮከቡን ሳይቀር። እንደ ዳዊት ደጋሚ ከላይ እስከ ታች። አንብቤ ስጨርስ «አየህ፣ ያልታወቀ ነገር ነው የሚያስፈራው» አለች። ስለ ሌላው ትንበያ አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሣሁም። ሁለታችንም ግን ያን ጊዜ ተነጋግረን ጨረስን።

ከትናንት በስቲያ ቅዳሜ በስልክ ያልሽውን ታስታውሻለሽ። እኔ «ሩፋኤል ላይ ሐይቁ ይናወጣል፣ እንዴት ላድርግ?» ስልሽ አንቺ ጉዳዩ የፈውስ መስሎሽ በደስታ ጮኸሽ «አንተ ሰው ይኼን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ ይኼ ይጠፋሃል? ሰማይ የሚከፈተው በእኛ ሰዓት ነው እንጂ በካናዳ ሰዓት ነው እንዴ! እናንተ ዘንድ እሑድ ፀሐይ ስትጠልቅ እኛ ዘንድ ዶሮ ሊጮኽ ነው፤ ሩፋኤል ገባ ማለት ነው። እሑድ ማታ ውሰዳትና ተገላገል!» አልሽኝ። ከጀርባሽ እማሆይ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላሉ። አንቺ «ጸዮን ልትድን ነው!» ስትያቸው ሰማሁ። እልልታቸውንም ሰማሁት። ጆሯቸው ቢደክምም ድምፃቸው አልደከመም።

እኔ የዘጋሁት ሰማይ ላይ አንቺ እንዲህ ያለ መስኮት ታገኛለሽ ብዬ አላሰብኩም። ገጹን ከፍቼ አየሁ። እውነትሽን ነው፤ ነፋሱ የሚነሣው ሰኞ ከመንጋቱ በፊት ነበር። እሑድ ማታ ግን ውሃው ሞቃትም የረጋም ይሆናል ይላል። ሁለቱ አንድ ላይ የሚገኙበት ያች አንዲት ምሽት ብቻ ነበረች። ለሊዮ ደውዬ ጠየቅሁት። «ሊሆን ይችላል» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ እኔም ያን ሌሊት በመጠኑ አመንኩ። በምን እንዳመንኩ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅ ይጠፋብኝ ነበር።

ትናንት ከቀትር ጀምሮ ስንዘጋጅ ዋልን። ነጭ ቀሚሷን አለበስኳት፤ ሁለት ጸዮን ይይዛል። ብርድ ልብስ፣ ፎጣ፣ ዊልቸር፣ የዘይት የነበረ ጀሪካን፤ ሁሉንም በሊፍት አውርጄ መኪናው ውስጥ አስገባሁ። ያን ሁሉ ቀን ሳነበው የከረምኩትን ገጽ ትናንት ከሰዓት ብቻ ሳላየው ቀረሁ። ቁልፍ ስፈልግ፣ የሹራቧን ቁልፍ ስቆልፍ፣ ረሳሁት። በመንገድ ላይ ዛፎቹ ሲወዛወዙ አይቻለሁ። «ትንሽ ነፋስ ቢጤ ነው» ብዬ አሰብኩ። ለራሴም እንደዚያው ነው የምተረጉመው።

ስንደርስ ሐይቁ ቀድሞን ተነሥቷል። እንዴት ብዬ ልግለጽልሽ? በሬሳ ሞልቶ ድልድዩን ያንቀጠቀጠ ጊዜ የሰማሽውን ድምፅ አስቢ፤ እሱ ያልፋል፣ ይህ ግን መጥቶ ይመለሳል፣ ተመልሶ ይመጣል። አሸዋው ላይ ቀይ ባንዲራ ተተክሎ እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ሰው የለም፤ እነሊዮ ብቻ ውሃው መሀል ጎማቸውን ለብሰው እንደ ጉማሬ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። በዚያ ዳርቻ ላይ የተደሰቱት እነሱ ብቻ ነበሩ። ሊዮ ዊልቸሩን አይቶ ወጣ፤ ውሃ እያንጠባጠበ መጣና ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ሲጠፋ አየሁት። «ቀድሞ ደረሰ። በጣም አዝናለሁ» አለኝ። እንዲህ ሲል የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ስለ ሌላው ነገር እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

ጸዮን ሐይቁን አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው። «እንመለስ?» አልኳት። «ሩፋኤል ከዚያ ድረስ መጥቶ እኔ ከዚህ ልመለስ?» አለች። ሊሆን እንደማይችል ግን እሷም ታውቃለች፤ እጇ የዊልቸሩን ክንድ እንዴት እንደጨበጠ አይቻለሁ። እኔ ጀሪካኑን አነሣሁ። ሊዮ «ዋና ትችላለህ?» አለኝ። «አንብቤበታለሁ» አልኩት። «ስጠኝ፣ እኔ ልቅዳላት» አለ። ጀሪካኑን አልሰጠሁትም። ለምን እንዳልሰጠሁት እንዳትጠይቂኝ። በሬሳ ዳር ልብስ ስጠብቅ ያደግሁ ሰው፣ በሰባ ዓመቴ፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ገባሁ።

ውሃው ሞቃት ነበር፤ ትንበያው በዚህ ልክ ነበር። እስከ ጉልበቴ ደርሼ ጀሪካኑን ዝቅ ሳደርግ ሞገዱ መጣ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅደም ተከተል አልነግርሽም፣ ቅደም ተከተል አልነበረውም። አሸዋ በላሁ። ሰማዩና ውሃው ቦታ ተለዋወጡ። ሊዮ በሹራቤ አንገት እንደ ድመት ግልገል ጎትቶ አሸዋው ላይ ሲጥለኝ ጀሪካኑ የለም፤ ወደ አሜሪካ በኩል ሄዷል። በእጄ የያዝኩት አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ተንበርክኬ ጸዮን እግር ሥር ደረስኩ። «ይቅርታ፣ አልቻልኩም» አልኳት። እትዬ፣ ይህን ቃል ለዚያ ምሽት ብቻ አልነበረም ያልኩት፤ እሷም ለዚያ ምሽት ብቻ አድርጋ አልሰማችውም።

እሷ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። እጇን ዘረጋችና የሹራቤን እጅጌ ያዘች። በዚያ ሞት ባከሳው ጣቷ አንሶላ እንደምታጥብበት ዘመን ጠምዝዛ ጨመቀችው። ውሃው መዳፏ ላይ ወረደ። ግንባሯን፣ ዓይኗን፣ ሆዷን፣ ያ በሽታ ያለበትን፣ በቀሚሷ ላይ አሻሸችበት። ከዚያ ሌላኛውን እጅጌ። «በስመ አብ» ስትል ሰማሁ፣ የቀረውን ሞገዱ ወሰደው። ሊዮ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ስትጨርስ «ምን ብለሽ ለመንሽ?» አልኳት። «ይኼ ሰውዬ ዋና ሳይችል ገብቷልና እንዳትወስደው ብዬ» አለችኝ። «ስለ ራስሽስ?» አልኳት። «አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ ተሰጠኝ» አለችኝ። ከዚያ ወደ ጫማዬ አየችና «የቆዳ ነው አይደል? አበላሸኸው» አለች።

ተአምር ትጠብቂ እንደሆነ አልመጣም። ሰማዩ እስክንመለስ ድረስ አንድ ጠብታ አልጣለም። ዛሬ ሰኞ ግን ከንጋት ጀምሮ ይዘንባል፤ የሩፋኤል ዝናብ፣ አንቺ በረንዳ ላይ ወጥተሽ የምትጠመቂበት ዓይነት። ጸዮን ግን ተኝታለች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ምግብም ውሃም አልፈለገችም። ስጠራት ዓይኗን ትገልጥና መልሳ ትከድናለች። ጠዋት በመዳፌ ዝናብ ተቀብዬ ግንባሯን አበስኩላት፤ «ማነው?» አለች።

ሊዮ ዛሬ ተረኛ ሳይሆን መጣ። ወደ በረንዳው አልሄደም። እሷን ካየ በኋላ ኮሪደር ላይ አውጥቼ «ሐይቅ ዳር ባልወስዳት ይሻል ነበር? እኔ ነኝ ያፈጠንኩት?» አልኩት። «ሐይቁ ምንም አልለወጠም፤ ወደዚህም ወደዚያም» አለኝ። ሊያጽናናኝ ነው ያለው። ከሰማሁት ሁሉ ግን እንደዚህ ያለ ጨካኝ ቃል አላውቅም። ትናንት ማታ በሹራቤ የሆነው ሁሉ በእነሱ ሚዛን ላይ ምንም አይመዝንም ማለት ነው። ልክ ነው ብዬ አስባለሁ። ያበሳጨኝም ልክ መሆኑ ነው።

እንግዲህ እትዬ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በላውድ ስፒከር ደግሞ ፈጽሞ። ስለዚህ አንድ ቀን እደውልልሻለሁ። እማሆይ አጠገብሽ ይሆናሉ፣ ኪሩ ይኖራል፣ ሽንኩርት ሻጯም አትጠፋም። እንደ ወትሮዬ ስለ ጉልበትሽ እጠይቅሻለሁ። ከዚያ «ሐይቁ ረጋ» እልሻለሁ። ሌላ ምንም አልልም። አንቺም «እሰይ፣ እንዲያ ይሻላል» ብለሽ ዝጊው። እንደምትችዪው አውቃለሁ፤ አባታችን የሞተ ጊዜ ምሳዬን አብልተሽ፣ እጄን አስታጥበሽ ነው የነገርሽኝ። በማግሥቱ ሲነጋጋ የንስሐ አባታቸውንና ጎረቤቱን ይዘሽ እማሆይ ዘንድ ሂጂ። ብቻቸውን እንዳያገኛቸው። ቀደም ብለሽ ድንኳን አታስተክዪ፤ ድንኳኑን ካዩ ያውቃሉ። ጸዮን ለሩፋኤል ሐይቅ ወርዳ ተጠምቃ ነበር በያቸው፤ ይህ ውሸት አይደለም። ከሹራብ ተጨምቆ ነው ግን አትበያቸው። በዚህ በኩል ያለውን ሁሉ እኔ እችላለሁ። አልችልም፣ ግን እችላለሁ።

አንቺ ለጸዮን የምትጸልዪውን ተዪው አልልሽም። እስከ ዛሬ ያልሰማሁት እኔ ነኝ እንጂ ያልተናገርሽው አንቺ አይደለሽም።

ለጋሼ ገብረ ክርስቶስ ዓይኑን እንዲጠብቅ ንገሪልኝ፤ ሰላምታዬን ከእንቅልፉ ሳይነሣ በፊት በጆሮው አድርሺልኝ። ኪሩን ሳሚልኝና «ዋና ተማር» በዪው፤ ምክንያቱን አትንገሪው። የእማሆይን ጉልበት ስሜያለሁ፤ እኔ የሳምኳቸውን ያህል ሳሚልኝ፣ ትንሽም ጨምሪበት። ለሽንኩርት ሻጯ ሳይቀር ሰላም በያት። ለበሬሳም፣ በዚያ ስታልፊ።

አሁን ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ገጹን ከፍቼ አየሁት። እስከ ዓርብ ሞገድ ነው። ቅዳሜ ነፋሱ ወደ ሰሜን ይዞራል፤ ሐይቁ ይረጋል ይላል። ያለፈው ግን ቀድሞ እንደደረሰ አይተሻል። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ።

ታናሽ ወንድምሽ ዘውዴ

ክሬሰንት ታውን፣ ቶሮንቶ
ጳጉሜ ፫ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.